ምዕራፍ ስድስት፦ ከሎጁ በፊት አስጎብኚው

የአማዞንን ደን በፊልም ብቻ የሚያውቅ ጎብኚ ጫካው ውስጥ የገባ ዕለት ቅር መሰኘቱ አይቀርም። ጃጓር መንገድ ዳር ቆሞ አይጠብቀውም፤ የጦጣዎቹና የወፎቹ መዋያ ከዛፎቹ አናት ላይ፣ 30 ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ ከአውሬው ብዙው የሚወጣው በሌሊት ነው። ለዓይን የሚቀርበው ግንድ፣ ቅጠል፣ ጭቃና ጥላ ነው። በሴሬንጌቲ ሜዳ መኪናውን ያቆመ ቱሪስት አንበሳውንም የሜዳ አህያውንም ማንም ሳይጠቁመው ያያል። በፔሩ፣ በቦሊቪያ ወይም በኢኳዶር ዝናባማ ደን ግን መንገድ መሪ ያልያዘ ሰው የመጣበትን ሳያይ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1981 ዮሲ ጊንስበርግ የተባለ እስራኤላዊ ወጣት በቦሊቪያ ደን ከጓደኞቹ ተለይቶ ሦስት ሳምንት ያህል ሲባዝን ከሞት ያተረፈው ያን ወንዝ የሚያውቁ የሳን ሆሴ ደ ኡቹፒያሞናስ መንደር ሰዎች በፍለጋው ስለተሳተፉ ነው። ይኸው መንደር በኋላ በደቡብ አሜሪካ ስማቸው ከሚጠራ የማኅበረሰብ ኢኮ ቱሪዝም ማዕከላት የአንዱ ባለቤት ሆነ። የደቡብ አሜሪካ የደን ጉብኝት የቆመው በዚህ ዓይነቱ እውቀት ላይ ነው፤ ጎብኚው ገንዘቡን የሚከፍለው ለዓይኑ የተሰወረውን ለሚያሳየው ሰው ነው።

ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቱሪዝም ሲነሳ ይህ ነጥብ ይዘነጋል። ክልሉ ላሊበላ የለውም፣ ፋሲለደስ የለውም፣ በመንገድ ዳር የሚታይ የአውሬ መንጋም የለውም። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ይባላል። ወይ “የሚጎበኝ ነገር የለም” ይባላል፤ ወይ ደግሞ “እምቅ ሀብት” የሚለው የስብሰባ ቋንቋ ይደገምና ሎጅ፣ ሪዞርትና አስፋልት ይጠየቃል። ሁለቱም መነሻቸው አንድ ነው፤ መስህብ ማለት በራሱ ለዓይን የሚታይ ነገር ነው ብለው ያስባሉ። የዚህ ምዕራፍ መከራከሪያ ተቃራኒው ነው። በአሶሳና በዙሪያዋ ያለው ሀብት እንደ አማዞን የተሰወረ ሀብት ነው፤ የሚገልጠው የአገሩ ሰው ነው፤ ስለዚህ ግንባታው መጀመር ያለበት ከአስጎብኚው ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ገቢውም ባለቤትነቱም ከአገሬው እጅ ይወጣል።

ከቀርከሃው እንጀምር። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ሰፊ የቀርከሃ ሀብት ካላቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ናት፤ ከዚህም አብዛኛው በተለምዶ ሽመል የምንለው የቆላው ዝርያ ሲሆን፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና መገኛው ነው። ከአውቶቡስ መስኮት ለሚያየው ሰው ሽመል አሰልቺ ነው፤ ኪሎ ሜትር ሙሉ አንድ ዓይነት ዘንግ። የሚያውቀው ሰው ግን ቁጥቋጦው አጠገብ ቆሞ እያንዳንዱን ዘንግ በዕድሜው ይለያል። የዘንድሮው ግንድ ገና ሽፋኑን አልጣለም፣ ገላው ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር አለ፤ ያረጀው ደግሞ ሽበት መሰል ነጠብጣብ ይዟል፣ ቀለሙም ጠውልጓል። ለቤትና ለአጥር የሚቆረጠው ሦስት ዓመት ገደማ የሞላው ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ቶሎ ይነቅዛል። በክረምት ከመሬት የሚወጣውን ለጋ ቡቃያ በርታዎችም ጉሙዞችም ቆርጠው ይበሉታል፤ ስለዚህ የትኛው ቡቃያ ተቆርጦ የትኛው እንደሚተው ማወቅ የነገውን ደን ማወቅ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን የቆላው ግን ድፍን ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱን በእጁ መዝኖ ያየ ጎብኚ ልዩነቱን ከማንኛውም ሰሌዳ በተሻለ ያስታውሰዋል።

ከዚህም የሚልቅ ነገር አለ። ሽመል በዘመኑ የሚያብበው አንድ ጊዜ ነው። አሥርት ዓመታት ቆይቶ በአንድ አካባቢ ያለው ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተያይዞ ያብብና፣ ዘሩን ያረግፍና ይሞታል። አሶሳ አካባቢ ይህ ሲደርስ ለማያውቀው ሰው በሽታ የገባበት ወይም የተቃጠለ ደን ይመስላል። የሞተውን ጫካ ለእርሻ መመንጠርም በዚያ ሰዓት ቀላል ነው፤ ደርቆ የቆመ ነገር ለምን ይጠበቃል? የረገፈው ዘር ግን ከሥር እየበቀለ ነው፤ እሳትና ከብት ካልገባበት ደኑ ራሱን ይተካል። አንድ ጎብኚ፣ አንድ የወረዳ ባለሥልጣን ወይም መሬት ሊረከብ የመጣ ባለሀብት ከደረቀው ግንድ ሥር በርከክ ብሎ ሣር የሚመስለውን ችግኝ ቢያይ “ጠፍ መሬት” የሚለው ቃል ከአፉ ለመውጣት ይከብደዋል። በክልሉ ሰፋፊ መሬት ለእርሻ ኢንቨስትመንት ሲሰጥ የሽመልና የዛፍ ሽፋኑ ምን እንደደረሰበት ለሚያውቅ፣ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። የማስጎብኘት ሥራ ለደኑ የሚሰጠው ጥበቃ በአብዛኛው በዚህ መንገድ የሚመጣ ነው፤ ሰው የሚያየውን ነገር ስም ሲያውቅ።

ሌላው ሀብት ደግሞ ከነጭራሹ መሬት ውስጥ ነው። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት በክልሉ ሲሠሩ አሶሳ አቅራቢያ ካባና በል ቁርቁሙ በተባሉ የዋሻ ጥላዎች ሥር ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎችን ቆፍረው አግኝተው ጽፈዋል። ቦታው ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ቋጥኝና ጥላ ነው። የበርታ ሴቶች በወንዝ ዳር በገበቴ አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ሲያወጡ የሚታየውም ውሃና ጭቃ ነው፤ የእጁን አዟዟር፣ የትኛው ጥቁር አሸዋ ተስፋ እንዳለው፣ ወንዙ ሲሞላ ወርቁ የት እንደሚጋደም የሚያስረዳ ከሌለ ድካም ብቻ ይመስላል። ዋዛ የሚባለው የበርታዎች መለከትም እንዲሁ ነው። ከቅል ቁርጥራጮች ተገጣጥሞ የሚሠራ፣ ረጅሙ ከነፊው ቁመት የሚበልጥ መሣሪያ ነው፤ እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚወለደው እያንዳንዱ ነፊ ተራውን ጠብቆ በትክክለኛው ቅጽበት ሲገባ ነው። ይህን ሳያውቅ የሰማው እንግዳ “ጫጫታ” ብሎ ይሄዳል፤ ነግረውት የሰማው ደግሞ አንዱን ድምፅ በጆሮው እየተከተለ ከየት ወጥቶ የት እንደሚገባ ለማወቅ ይጥራል። የብሔራዊ በዓል መድረክ ላይ በሁለት ደቂቃ የሚያልፈው ዋዛ ይህን ዕድል አግኝቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ታሪክ መነሳት አለበት፤ ምክንያቱም ወደዚህ አገር መንገድ መሪ ይዞ የመጣ እንግዳ አዲስ ነገር አይደለም። የግብፁ መሐመድ አሊ ሱዳንን ከ1820 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወረረው ከፋዞግሊና ከቤኒ ሻንጉል ወርቅም ባሪያም ፈልጎ ነው። በ1838 ኦስትሪያዊው ሩሴገር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ሩሲያዊው መሐንዲስ ኮቫሌቭስኪ ወርቁን እንዲመረምሩለት ላካቸው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሆላንዳዊው ተጓዥ ሹቨር አካባቢውን እየዞረ ማስታወሻ ጽፏል። በ1890ዎቹ መጨረሻ የአጼ ምኒልክ ጦር ሲደርስና የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ግብር ገብተው አካባቢውን ማስተዳደር ሲቀጥሉም ወርቁና ባሪያው ወደ ውጭ መፍሰሱን አላቆመም። በዚህ ሁሉ ዘመን የአካባቢው ሰው ለእንግዳ መንገድ ማሳየቱ መልሶ የሚጎዳው ራሱን ነበር፤ ጉድጓዱን ያሳየው ጉድጓዱን ተነጠቀ፣ መንደሩን ያሳየው መንደሩ ተዘረፈ። ጉሙዞች፣ ማኦዎችና ኮሞዎች ወደ ቆላው እየሸሹ የኖሩት ለዚህ ነው። እና ዛሬ አንድ የአስጎብኚ ድርጅት መኪና መንደር ገብቶ “ባህላችሁን ለዓለም እናስተዋውቅ” ሲል ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው ቢያዩት ኋላ ቀርነት አይደለም፤ ማስታወስ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ማን መንገድ ይመራል ከሚለው ይሰፋል፤ ውሉ በማን ስም ነው?

ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ የሰጡት ደቡብ አሜሪካውያን ናቸው። በፔሩ ማድሬ ደ ዲዮስ ግዛት የኢንፊየርኖ ማኅበረሰብ በ1996 እ.ኤ.አ. ከአንድ የግል የጉብኝት ኩባንያ ጋር የ20 ዓመት ውል ተፈራረመ። ከትርፉ 60 በመቶው ለማኅበረሰቡ፣ 40 በመቶው ለኩባንያው፤ ውሳኔው ግን እኩል በእኩል። ፖሳዳ አማዞናስ የተባለው ሎጅ በ1998 እንግዳ መቀበል ሲጀምር ወጥ ቤቱም፣ ጀልባውም፣ በጊዜ ሂደት ማስጎብኘቱም በመንደሩ ልጆች እጅ ገባ። የሃርፒ ንስር ጎጆ ከየትኛው ዛፍ ላይ እንዳለ፣ በቀቀኖች የወንዙን ዳር ሸክላ ለመላስ በየትኛው ሰዓት እንደሚሰበሰቡ፣ ግዙፉ የውሃ ኦተር በየትኛው ሐይቅ እንደሚውል የሚያውቁት እነሱ ነበሩ፤ ውሉ ይህን እውቀት ካፒታል አድርጎ ቆጠረው። በቦሊቪያ ማዲዲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የሳን ሆሴ መንደርም ቻላላን የተባለውን ማዕከል ለመገንባት ከኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ገንዘብ፣ ከኮንሰርቬሽን ኢንተርናሽናል ደግሞ ስልጠና አገኘ፤ ከመጀመሪያዎቹ ደጋፊዎች አንዱ ያ ከሞት የተረፈው ጊንስበርግ ነበር። ከዓመታት ስልጠና በኋላ በ2001 ሥራው ሙሉ በሙሉ ለመንደሩ ተላለፈ። በሁለቱም ቦታ ብዙ ጊዜ የፈጀው ቤቱን መሥራት አልነበረም፤ ጣሪያው ከጫካው በሚገኝ የዘንባባ ቅጠል የሚከደን ነው። ብዙ ጊዜ የፈጀው የቋንቋ፣ የሒሳብ፣ የእንግዳ አያያዝና የማስረዳት ትምህርት ነው።

በእኛ አገር ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ልማዱ ከሕንፃ መጀመር ነው። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠሩት ወንጪ፣ ጎርጎራና ሃላላ ኬላ ያማሩ ናቸው፤ ለሚችል ሰው ማረፊያ፣ ለአካባቢው ልጆችም ሥራ ሆነዋል። ነገር ግን ወንጪ በራሱ ለዓይን የሚሞላ ሐይቅ ነው፣ ጎርጎራም ጣና አለው። ሽመል ጫካ መሐል የተሠራ ሎጅ እንግዳውን ከበረንዳ ሲያስቀምጠው የሚያሳየው የለውም። አገር ውስጥ ወደ ደቡብ አሜሪካው ልምድ የቀረበው በሰሜን ወሎ መቄት ተስፋ በተባለው ድርጅት አጋዥነት የተጀመረው ነው፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ጎጆዎች፣ ከመንደር መንደር በእግር የሚወስድ የአገሩ ልጅ፣ ጓዝ የሚጭን አህያ። ግንባታው ቀላል፣ ሰዉ ግን ዋና።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ፤ የመጀመሪያውም ከባዱም ጸጥታ ነው። በክልሉ መተከል ዞን ውስጥ ከ2011 ዓ.ም ወዲህ የፈሰሰው ደም በቱሪዝም ብሮሹር የሚሸፈን አይደለም። በታኅሣሥ 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ሌሊት ከመቶ በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በጥቅምት 2015 የክልሉ መንግሥት ከጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ጋር የሰላም ስምምነት ተፈራረመ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ በድንበር ከተማዋ በኩርሙክ በኩል ስደተኛ ጎረፈ፤ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስደተኛ ሲያስተናግድ የኖረው ሸርቆሌና ሌሎቹ መጠለያዎች እንደገና ተጨናነቁ። ታዲያ በዚህ መሐል ስለ ጉብኝት ማውራት ቅንጦት አይሆንም? ቱሪዝም ሰላም ያመጣል የሚለውን አባባል እኔም አልቀበለውም። የኮሎምቢያው ምሳሌ ልኩን ያሳያል። ከ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሰላም ስምምነት በኋላ በካኬታ ግዛት ሚራቫዬ በተባለ ሰፈር የፋርክ አማፂ ቡድን የቀድሞ ተዋጊዎች በሚያውቁት ወንዝ ላይ እንግዳ በጀልባ ማስጎብኘት ጀመሩ፤ ቡድናቸው በ2019 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ በተካሄደ የዓለም የራፍቲንግ ውድድር እስከ መሳተፍ ደረሰ። ከስምምነቱ ውጭ የቀሩ ታጣቂዎች ሲመለሱባቸው ግን ሰፈራቸው ራሱ አደጋ ላይ ወደቀ። ሰላም ይቀድማል፤ አስጎብኚነት ይከተላል። የእኔ መከራከሪያ ከዚህ በጠበበ ነጥብ ላይ ነው፦ ሰላሙ በሚዋዥቅበት ቦታ ሎጅ መገንባት አክሳሪ ነው፤ ሰው ማሠልጠን ግን አያከስርም። መንገድ ሲዘጋ ሕንፃው ይዘረፋል ወይም ምስጥ ይበላዋል፤ እውቀት የያዘው ሰው ግን ያርሳል፣ ያስተምራል፣ መንገዱ ሲከፈት ሥራውን ይቀጥላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወርቅ ነው። አንድ ወጣት በአንድ ጥሩ ቀን ከወርቅ የሚያገኘውን ከአስጎብኚነት በወር ላያገኘው ይችላል፤ ኩርሙክ ላይ ደግሞ ትልቅ ኩባንያ ወደ ማዕድን ሥራ እየገባ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ለማስተባበልም አልሞክርም። ኢንፊየርኖም የምትገኘው እዚያው የወርቅ አገር ውስጥ ነው። በማድሬ ደ ዲዮስ ወርቅ ፈላጊዎች ደኑን ገልብጠው ወንዙን በሜርኩሪ ስለበከሉት የፔሩ መንግሥት በየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ላ ፓምፓ ወደተባለው ሥፍራ ወታደርና ፖሊስ ለማሰማራት ተገዷል። ኢኮ ቱሪዝሙ ወርቁን አላስቆመውም። የማኅበረሰቡ ደን ግን በዚያ ውጥንቅጥ አጠገብ ቆሞ ቆየ፤ ምክንያቱም ደኑ ቆሞ የሚያስገኘው ገቢና የሚከራከርለት የተደራጀ ባለቤት ነበረው። አሶሳ ዙሪያም የሚጠበቀው ይህን ያህል ነው እንጂ ወርቅ አጣቢው ገበቴውን ጥሎ ካርታ እንዲይዝ አይደለም። እንዲያውም በገበቴ የሚያጥበው ባህላዊ ወርቅ አምራች ራሱ፣ ከሜርኩሪና ከኤክስካቫተር በፊት የነበረውን አሠራር የሚያሳይ አስጎብኚ ቢሆን ማን ይከለክለዋል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ የሚያነሱት ለሕዝቡ የሚቆረቆሩ ሰዎች ናቸው፦ ሰው ለትዕይንት ይቀርባል ይላሉ። ስጋቱ ከሜዳ አልመጣም። ደቡብ ኦሞ ሙርሲዎች ዘንድ መኪና ሲቆም ሴቶቹ ሸክላቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ይሰለፋሉ፤ ክፍያው በፎቶ ብዛት ነው፤ እንግዳው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ ይሄዳል። አንዲት የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ላይ ባጋደመችው ዘንግ ሁለት ጫፍ ሸክሟን ሚዛን አስጠብቃ ስትሄድም ካሜራ የሚጋብዝ ምስል ናት። ልዩነቱ ማን ይናገራል በሚለው ላይ ነው። ሙርሲ መንደር ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ከአዲስ አበባ ወይም ከጂንካ የመጣው አስጎብኚ ነው፤ የመንደሩ ሰው የሚከፈለው ስለታየ ነው። ስለሚያውቀው ነገር የሚከፈለው ሰው ግን ፎቶ ይከለክላል፣ ሰዓት ይወስናል፣ “ዛሬ ለቅሶ አለብን” ብሎ እንግዳ ይመልሳል። አሠልጣኞች ከውጭ ሊመጡ ይችላሉ፤ የሚናገረው ግን በርታው ስለ በርታ፣ ሺናሻው ስለ ሺናሻ መሆን አለበት። በ1977 ዓ.ም ድርቅ ማግስት ከወሎና ከሌላውም አካባቢ መጥተው አሶሳና ፓዌ የሰፈሩት፣ እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸውም የራሳቸውን ታሪክ ይናገሩ፤ እሱም ከክልሉ ታሪክ አንዱ ነው፣ በጉብኝት ካርታ ላይ ቦታ አግኝቶ ባያውቅም።

“ማንስ ይመጣል?” የሚለው ግን ሳይመለስ የሚቀር ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ከአዲስ አበባ አሶሳ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ክረምቱ ረጅምና ኃይለኛ ነው፤ የአውሮፓ ቱሪስት ደግሞ የመንግሥቱን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ሳያነብ አይነሳም። ነገር ግን የውጭ አገር ቱሪስትን መጠበቅ ራሱ የሎጅ አስተሳሰብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው ጉባ ውስጥ፣ በዚሁ ክልል ነው። ኢትዮጵያውያን ለዓመታት ቦንድ ገዝተው፣ ደሞዛቸውን አዋጥተው የሠሩትን ነገር ማየት ይፈልጋሉ፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ዳያስፖራው። ዛሬ የሚያዩት ኮንክሪቱን ነው፤ ፎቶ ይነሱና ይመለሳሉ። በአውሮፕላንም በመኪናም አሶሳ የሚያድር፣ ለሥራ የሚመላለስ፣ ለስብሰባ የሚመጣ ሰው አለ፤ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ከአገሩ ዳር እስከ ዳር የመጡ ተማሪዎች አሉት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሽመል ጫካ፣ ከሰዓት በኋላ ወርቅ አጣቢዎች፣ ማታ ዋዛ፤ በማግስቱ ከ1,500 ሜትር የአሶሳ ወይናደጋ ወደ 500 ሜትር የአባይ ቆላ መውረድ። ይህ ጉዞ ሎጅ አያስፈልገውም፤ ንጹሕ አልጋ፣ ገንፎና ባሚያ፣ የተማሩ ሃያ ሠላሳ አስጎብኚዎችና ገንዘቡን የሚከፋፈሉበት የተጻፈ ደንብ ይበቁታል። የዱር አውሬ የሚፈልግ ካለም በመተከል ሰሜናዊ ወሰን በኩል የአላጥሽ ፓርክ አለ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በካሜራ ወጥመድ አንበሳ መኖሩን ያረጋገጡበት። እዚያም አንበሳውን ማየት ዕድል ነው፤ ኮቴውን የሚያነብ ሰው ግን በእጅ ያለ ነገር ነው።

ጊዜው የሚያስቸኩለው በግድቡ ጀርባ በተኛው ንጋት ሐይቅ ምክንያት ነው። ከ1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን አዲስ ውሃ፣ ውስጡ ደሴቶች፣ ዳሩ ላይ ከወንዙ ተነስተው እንደገና የሰፈሩ የጉሙዝና የበርታ መንደሮች። አሣ ማጥመዱ ተጀምሯል፤ የጀልባና የሪዞርት ዕቅድም ይነገራል። ሐይቁ ከሽመሉ ይለያል፣ በራሱ ለዓይን ይታያል፤ ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ያለ አገሬው እርዳታ ሊሸጠው የሚችለው የክልሉ የመጀመሪያ መስህብ እሱ ነው። የሐይቁ ዳር መሬት በሊዝ ከመተላለፉ በፊት የኢንፊየርኖን የመሰለ ውል፣ ማለትም የመንደሩ ማኅበር በድርሻ የገባበት፣ የትርፉ ክፍፍል በቁጥር የተጻፈበት፣ ጀልባ ነጂውና አስጎብኚው ከየት እንደሚቀጠሩ የተወሰነበት ውል ቀድሞ መቀመጥ አለበት። ውሃው የሸፈናቸውን የቀድሞ መንደሮች፣ የእርሻ ቦታዎችና መሻገሪያዎች ስም ከነቦታቸው የሚያውቁት ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ።